ሰማይ ሥር ፊልም ለማሳየት፦ ድሬ ወይስ ሐረር? ሐምሌ ወይስ ኅዳር? ሸራ ወይስ ግድግዳ?

የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንሶላው በረረ።

ቀልድ አይደለም። ስድስት ነጭ አንሶላ አሰፍተን፣ ጠርዙን በገመድ ወጥረን፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት የብረት ምሰሶ መሀል ሰቅለነው ነበር። ፊልሙ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልሞላውም። ንፋሱ መጣ። የድሬን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አቧራውን ቀድሞ ይልካል። መጀመሪያ የዋናው ተዋናይ ፊት ተጨማደደ። ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ። ከዚያ አንሶላው አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ። ልጆቹ ከፊልሙ ይልቅ በዚህ ነው የሳቁት። ወዲያው ዝናቡ ተከተለ። ፕሮጀክተሩን በጃኬት ጠቅልለን በረንዳ ሥር ተኮለኮልን።

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ለምን ሐምሌ? የዛንዚባሩ በዚያ ሰሞን ስለሆነ ነዋ!

የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል የተመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ዝግጅት በዓመቱ ተካሄደ። ዋናው ማሳያ ቦታ ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ ያለው አሮጌው ምሽግ ነው። ኦማኖች ፖርቹጋሎችን ካባረሩ በኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ነው። ዛሬ ውስጡ ጣሪያ የሌለው፣ መቀመጫው ደረጃ ደረጃ የሆነ ቲያትር አለ። ማታ ማታ ሰው እዚያ ተቀምጦ ፊልም ያያል። የፌስቲቫሉ ሽልማት ወርቃማው ዳው ይባላል። ዳው ማለት ያ የሕንድ ውቅያኖስ ባለ ሸራ ጀልባ ነው። እኛ ይህን ሁሉ አንብበን፣ ፎቶውን አይተን፣ ልባችን ቀለጠ። ፌስቲቫሉ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጁላይ እንደሚደረግ አየንና እኛም ሐምሌ አልን።

ያላየነው ነገር ነበር። ዛንዚባር ላይ ትልቁ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ነው፤ ማሲካ ይሉታል። ጁላይ ሲገባ ዝናቡ አልቆ፣ አየሩ ደርቆ፣ ሙቀቱም በርዶ ነው የሚጠብቃቸው። የእኛ ትልቁ ዝናብ ደግሞ ያኔ ነው የሚጀምረው። ቀኑን ኮረጅን። አየሩን ማን ይኮርጃል?

ከዚያ በኋላ ተሻሽለናል። አሁን ሰዎች ‘እኛም ሰፈራችን ውስጥ በየዓመቱ ልናደርግ አስበናል፣ ምን እንግዛ?’ እያሉ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጀምሩት ከፕሮጀክተሩ ነው። እኔ ግን ፕሮጀክተሩን መጨረሻ ላይ አድርጉት እላለሁ። መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከዚያ ከተማውን፣ ከዚያ ግቢውን። ዕቃው እነሱን ተከትሎ ራሱን ይመርጣል።

ወሩ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቧ ሁለት ጊዜ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሹ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ትልቁ። ግንቦትና ሰኔን ሰርዟቸው። ዝናብ ቢቀንስም ሙቀቱ አያስቀምጥም። ሲሚንቶው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንኳ የድንጋይ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ይነሳል።

የሚቀረው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም።

የካቲት አየሩ ግሩም ነው። ግን በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የሚውለው የካቲት ላይ ወይም በዙሪያው ነው። የሒጅራው ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ማታ ተራዊሕ አለ፣ ሰዉ መስጊድ ነው። ድሬ ላይ ለአብዛኛው ሕዝብ የማይመች ቀን መርጦ ‘የከተማው ፌስቲቫል’ ማለት አይሆንም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ወንበሩ፣ ስፒከሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ ድንኳኑ ሁሉ ለሠርግ ተይዟል። ያልተያዘው ዋጋው ጨምሯል። ፊልማችሁ ውስጥ ሰው እያለቀሰ ከአጥሩ ማዶ እስክስታ ሊመታ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ የቁልቢ ገብርኤል አለ። በ19 ለሚውለው ንግሥ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው ብዙው በድሬ ያልፋል፣ በዚያ ሳምንት አልጋ አይገኝም። ከሌላ ከተማ እንግዳ የማትጠሩ ከሆነ የታኅሣሥ መጀመሪያ ችግር የለበትም።

የእኔ ምርጫ ኅዳር ነው። ያለ ማቅማማት። ማታው ለሹራብ የሚበርድ፣ ለቲሸርት የሚሞቅ ዓይነት ነው። ፀሐይ 11 ሰዓት ከ45 ገደማ ትገባለች፤ በሰኔና በሐምሌ ግን እስከ 12 ሰዓት ከ40 ትቆያለች። ይህ የአንድ ሰዓት ልዩነት ትንሽ አይምሰላችሁ። በኅዳር ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማሳየት ይቻላል። በሐምሌ ከ1 ሰዓት ከሩብ በፊት ሥዕሉ አይታይም። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኅዳር 15 ጾም ይገባልና ሳምቡሳው የምስር ይሁን፣ አለቀ።

ስለ ጨረቃ ሁሌ እጠየቃለሁ። ‘ሙሉ ጨረቃ ከሆነችስ?’ ምንም አትሆንም። ሙሉ ጨረቃ መሬት ላይ የምትጥለው ብርሃን ግማሽ ሉክስ (አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) እንኳ አይሞላም። 3,000 ሉመን (ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን መለኪያ) ያለው ፕሮጀክተር 9 ካሬ ሜትር ላይ ከ300 ሉክስ በላይ ይጥላል። የምትፈሩት የመንገድ መብራቱን ነው። እሱን የሚያጠፋላችሁ ሰው ከሌለ የስክሪኑን ጀርባ ስጡት። ጨረቃዋ እንዲያውም ሰዉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ታግዛለች።

ከተማው

እዚህ ላይ ድሬዎችና ሐረሮች ይጣሉኛል። ይሁን።

ሐረር ያማልላል። ዛንዚባርን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሐረር ነው። ሁለቱም የድንጋይ ከተማ ናቸው፣ ሁለቱም የንግድና የእስልምና ታሪክ ያላቸው፣ ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ያሉ። ስቶን ታውን በ2000፣ ጀጎል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ተመዘገቡ። ጀጎል ውስጥ በአንድ የአደሬ ቤት ግቢ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ፊልም ማሳየትን አስቡት። ሌላ ምን ይፈለጋል?

ብዙ ነገር ይፈለጋል። ጀጎል ውስጥ 368 መተላለፊያ እንዳለ ይቆጠራል፣ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ናቸው። ስፒከሩን በሸክም ነው የምታስገቡት። ግቢዎቹ ያምራሉ ግን ያነሱ ናቸው። 100 ሰው ከገባ ሞላ። ድምፅ በድንጋዩ ግድግዳ መሀል እየተላተመ ይመለሳል፣ ንግግሩ ይደፈርሳል። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊድ አለ ይባላል፤ የትም ብትቀመጡ የኢሻ አዛን ቅርብ ነው። ይህ ችግር አይደለም፣ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፊልሙን በዚያች ሰዓት አቁሙ፣ ሻሂ ይዙር። እኛ አንድ ጊዜ ሳናቆም ቀርተን አንድ አዛውንት በትሕትና መጥተው ‘ልጆቼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መስማት አቃተኝ’ አሉን። አፍረናል።

ሐረር ከድሬ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ያ ማለት በኅዳር ማታ የድሬው ሹራብ አይበቃም፣ ጋቢ ነው። በሌላ በኩል ወባና ደንጊ የሚያመጡት ትንኞች እንደ ድሬ አይበዙም። ድሬ ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ ተነስቶ ነበር፤ የደንጊዋ ትንኝ ደግሞ ቀንና አመሻሽ ላይ ነው የምትነክሰው፣ ልክ ሰው ወንበር ሲይዝ። ድሬ ላይ ስታዘጋጁ ቀደም ብላችሁ ከግቢው በርሜልና አሮጌ ጎማ ውስጥ ያለውን ውሃ ድፉ። ጭስ ብቻውን አያስጥልም።

ጅቡን አልረሳሁትም። ከድሬም ከአዲስ አበባም የመጣ እንግዳ ሁሉ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ማየት ይፈልጋል። ያ የሚሆነው ጨለማው እንደያዘ ነው። ከጅብ ጋር አትፎካከሩ፣ ትሸነፋላችሁ። ሐረር ላይ ፊልሙን ከምሽቱ 2 ሰዓት አስጀምሩ። ሰዉ ጅቡን አይቶ ይምጣ።

ድሬ ያን ያህል አታማልልም። ግን ትመቻለች። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ የቆረቆራት ከተማ ናት፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የተሰለፈ፣ አይሱዙ እስከ ግቢው በር የሚገባበት ነው። ግቢዎቹ ሰፋፊ ናቸው። አየር ማረፊያውም እዚሁ ነው። ማታ ሰው ውጭ መቀመጥ የለመደ ነው፤ ቀን ሙቀት ያሸነፈው ሁሉ ማታ ይወጣል። ከሰዓት ሲቅም የዋለም ከ12 ሰዓት በኋላ ምርቃናው ላይ ነው። ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ተክሎ የሚያይ ተመልካች ከፈለጋችሁ አቦ፣ ከዚህ የተሻለ የት አለ?

ሁለቱን በአንድ ማታ ለማጣመር አትሞክሩ። መሀላቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎ ዳገት አለ። ፊልም አይቶ በሌሊት ያንን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሚኒባስ እኔ አልሳፈርም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመታችሁ ከሆነ ድሬ። ሁለት ሌሊት ካላችሁ፣ ሁለተኛውን ሐረር ላይ አጫጭር ፊልሞች ብቻ ይዛችሁ፣ ለ80 ወይም ለ100 ሰው በግቢ ውስጥ አሳዩ። ሐረር ላይ ጎልተው የቀሩልኝ ማታዎች ትንንሾቹ ናቸው።

ግቢው

የሃዋዩ የማዊ ደሴት ፌስቲቫል በ2000 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰዉን ያስቀመጠው ዋይሌያ በሚባል አካባቢ ጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። ሣር፣ ሰማይ፣ ስክሪን። ዛንዚባር ደግሞ በምሽግ ግንብ ውስጥ ነው። ሁለቱም ደሴት ናቸው፣ ሁለቱም ሞቃት ናቸው፣ ግን አንዱ ክፍት ሜዳን፣ አንዱ ግንብን መረጠ። እኛ ጎልፍ ሜዳ የለንም። ያለን ደቻቱ ነው።

ደቻቱ የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ሰፊ፣ መሀል ከተማ፣ በነፃ። ለብዙው ዓመት ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝ መሆኑ ይረሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው የሚመጣው። በክረምት እዚያ ሰው ሰብስቦ በጨለማ ማስቀመጥ ወንጀል ነው እላለሁ፣ ቃሉ ቢከብድም። በኅዳር ጎርፉ የለም፤ አቧራው፣ የባጃጁ ጩኸትና ከየአቅጣጫው የሚመጣው መብራት ግን አለ። አልመክርም።

የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ውበቱ አይወራም። ለገሃር ላይ ፊልም! ግን መንገድ ማዘጋት፣ የመንገድ መብራት ማስጠፋት፣ ፖሊስ ማሰማራት ይጠይቃል። ስም ያላችሁ ስትሆኑ፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ሞክሩት።

የሆቴል ጋርደን ቀላሉ ነው። ወንበር አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ መብራቱ ቢሄድ ጄኔሬተር አለ። ጉዳቱ ደጁ ላይ ነው የሚታየው። ለስላሳ መግዛት የማይችል ልጅ በር ላይ ይቀራል። እኛ አንዴ እንዲህ አድርገን ፊልሙን በአጥሩ ቀዳዳ ያየው ሕፃን ከውስጡ ተመልካች ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለስንም።

እኔ የምመርጠው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። የዛንዚባሩን ምሽግ ምሽግ ያደረገው አጥሩ ነው። አጥር ንፋስ ይሰብራል፣ የመኪና መብራት ይከልላል፣ አንድ በር ስላለው ሰው መቁጠር ይቻላል፣ ልጅ አይጠፋም። ትምህርት ቤት ይህ ሁሉ አለው። ተጨማሪም አለው፦ ረጅም፣ መስኮት የሌለው የክፍል ጎን ግድግዳ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሌላ ምርጫም አለ፣ ከቦታ ቦታ መዞር። ዛንዚባሮች በምሽጉ ብቻ አልቆሙም፣ ፊልም ይዘው ወደ ኡንጉጃና ወደ ፔምባ ደሴቶች መንደሮች ወጥተዋል። ፒካፕ ላይ ጭኖ አንድ ማታ ገንደ ቆሬ፣ አንድ ማታ ሳቢያን፣ አንድ ማታ መጋላ ማለት ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን በየማታው መትከልና መንቀል ሰውን ይጨርሳል። ስድስት ጠንካራ ልጅ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ግድግዳ፣ ሸራ ወይስ ኤልኢዲ?

አሁን ወደምትወዱት መጣን።

ግድግዳ። ለስላሳ ከሆነ፣ በነጭ ቀለም ሁለት እጅ ከተቀባ፣ ከዚህ የሚበልጥ ለእኔ የለም። ንፋስ አይነካውም። ለሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ይጠብቃችኋል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም የፕሮጀክተሩን መብራት መልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይወረውረዋል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጀጎል ውስጥ ቅርስ የሆነ ግድግዳ ላይ ብሩሽ አታንሱ፤ እዚያ ሸራ ነው። ሁለተኛ፣ የሥዕሉ ታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ከፍ ይበል። አለዚያ ጽሑፉን የሚያነበው የፊት ረድፍ ብቻ ነው።

ሸራ። የሚወጠር ሸራ የሚመረጠው ግድግዳ ሲጠፋ ነው። ሒሳቡን እዩት። 4 ሜትር በ2 ሜትር ከሩብ የሆነ ሸራ 9 ካሬ ሜትር ነው። ንፋሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ከ50 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። የእኛ አንሶላ ጎረቤት የገባው በዚህ ነው። ስለዚህ ምሰሶው መሬት ተቆፍሮ ይተከል ወይም ከሕንፃ ጋር ይታሰር። ከኋላ በገመድ ወደ ታች ይወጠር። ከታች በኩል ደግሞ በቀላሉ የሚፈታ ይሁን፤ ንፋስ ሲበረታ ታችኛውን ፈትቶ ማሳለፍ ሸራውንም ምሰሶውንም ያተርፋል። በአየር የሚነፋው ስክሪን ያምራል፣ ልጆች ይወዱታል። ግን ነፊው ሞተር ፊልሙን ሙሉ መሥራት አለበት። ጩኸቱም አለ፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ስክሪኑ ሕዝቡ ፊት ቀስ ብሎ ይሞታል።

ኤልኢዲ ስክሪን። ኮንሰርትና ኳስ ላይ የምታዩት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፀሐይ ሳትገባ ይታያል፣ 11 ሰዓት ላይ ለልጆች መጀመር ትችላላችሁ። ለፊልም ግን ሁለት ጣጣ አለው። አከራዩ ‘ፒ4’ ‘ፒ6’ ሲላችሁ በነጥብና በነጥብ መሀል ያለውን ሚሊሜትር ነው የሚናገረው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ከፊት ያለ ሰው ፊት ሳይሆን ነጥብ ያያል። በግምት ፒ4 ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ከ4 ሜትር፣ ፒ6 ከሆነ ከ6 ሜትር በላይ ይራቅ። ሁለተኛው ጣጣ ማታ ብርሃኑን ማስቀነስ ነው። ለቀን የተሠራ ብርሃን በጨለማ ዓይን ያቃጥላል። ቀንሱልን በሉ፣ አትፈሩ። ክብደቱና ንፋሱ ደግሞ የባለሙያ ብረት ይፈልጋል። ባጀት ካላችሁና ቦታው አደባባይ ከሆነ እሺ። ለትምህርት ቤት ግቢ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ፕሮጀክተር ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ‘አንሲ ሉመን ስንት ነው?’ ብላችሁ ጠይቁ፤ በወጥ መስፈርት የተለካው ብርሃን እሱ ነው። በርካሾቹ ላይ 9,000 ተብሎ ተጽፎ እውነተኛው ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እኛ በአንዱ ተቃጥለናል። ከዚያ የሥዕሉን ስፋት አስቡ። 4 ሜትር ስፋት ላይ 3,000 አንሲ ሉመን ከበቂ በላይ ነው። ስፋቱን 8 ሜትር ካደረጋችሁት ግን ገጹ 36 ካሬ ይሆናል፣ አራት እጥፍ። ያው መብራት አራት ቦታ ተካፈለ ማለት ነው። ያኔ ቢያንስ 5,000 ያስፈልጋችኋል። ሰዉ ‘ትልቅ ይሁን’ ይላል። ለ200 ሰው ደማቅ 4 ሜትር ከደብዛዛ 8 ሜትር ይሻላል፣ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ድምፅና መብራት

ስፒከር ከስክሪኑ አጠገብ፣ ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ። ከኋላ ላሉት ብላችሁ መሀል ሌላ ስፒከር አትጨምሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የፊተኛውን ስፒከር በሰከንድ አንድ አሥረኛ ዘግይቶ ይሰማዋል፤ አጠገቡ ያለው ሲጨመርበት ሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ የሚናገር ይመስለዋል። ሰዉን ወደ ፊት ማቅረብ ይሻላል።

መብራት ይሄዳል። ይህን እንደ ዕድል ሳይሆን እንደ ፕሮግራም ያዙት። ለፕሮጀክተር፣ ለስፒከርና ለላፕቶፕ 2 ኪሎዋት ገደማ የሚሰጥ ጄኔሬተር ይበቃል። ከአጥሩ ውጭ፣ ንፋሱ ወደሚሄድበት በኩል አስቀምጡት። ገመዱ ሲረዝም ወፍራም ይሁን፣ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይሞቃል፣ ኃይሉም ይወርዳል። ፕሮጀክተሩ አምፖል ያለው ዓይነት ከሆነ ድንገት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆምና አምፖሉ ይጎዳል። አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) በመሀል አስገቡ። የእኛን አምፖል የጨረሰው ንፋሱ ሳይሆን ይህ ነው።

ቋንቋውና ሌላው

ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረርኛ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። የትኛውን ትመርጣላችሁ? ጽሑፍ ለማያነብ ልጅና ለእናቶች አይሠራም። በድምፅ የተተረጎመ ፊልም እንደልብ አይገኝም። እኛ ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሕንድ ፊልም እየተከታተለ ለሰፈሩ የሚተረጉም አንድ ነገረኛ አይጠፋም ነበር። ያንን መልሰነዋል። አንድ ማይክራፎን፣ ሁለት ልጆች፣ አንዱ በኦሮምኛ አንዱ በሶማሊኛ፣ በትዕይንትና በትዕይንት መሀል ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር። ሰው ከፊልሙ ይልቅ እነሱን ሊወድ ይችላል፣ ተጠንቀቁ። ከሁሉ የሚቀለው ግን ንግግር የሌለበት ወይም ጥቂት የሆነበት ፊልም መምረጥ ነው።

ፊልሙን ከየትም አውርዶ በፍላሽ ይዞ መምጣት ‘ማን ያየናል’ ያሰኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በአደባባይ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች ደውሉላቸው። ብዙዎቹ ለሰፈር ዝግጅት ሲባል ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ይመጣሉ። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ከቀበሌና ከፖሊስ የሚወጣውን ደብዳቤም ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱ።

ምግቡ ራሱን ይችላል። የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ፣ ሻሂ። ፈንዲሻ ካላመጣን የሚሉ አሉ፣ ያምጡ። የኦቾሎኒው ቅርፊት ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ ግን በጸጥታው ትዕይንት ላይ ትሰሙታላችሁ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፣ መመለሻው። ፊልሙ 3 ሰዓት ላይ ቢያልቅ 200 ሰው በአንድ ጊዜ ባጃጅ ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት ዋጋው የባለ ባጃጁ ፊት ላይ ነው የሚጻፈው። አምናው ላይ ስምንት ባጃጅ ቀድመን አነጋግረን፣ ዋጋ ተስማምተን፣ ለሾፌሮቹ ከኋላ ወንበር ያዝንላቸው። ፊልሙን አብረው አዩ። ሲያልቅ ግን አንዱ አልነሳም አለ። ሳቢያን የሚሄዱ አራት እናቶች ጭኖ መንቀሳቀስ ሲገባው፣ የመጨረሻዋ ትዕይንት አልገባችኝም፣ መልሱልኝ አለን። መለስንለት። እናቶቹም አብረው ደገሙት።